በእጅ የተሰራ ጊታር እንደ ሱቅ ጊታር መሆን አለበት እንዴ? ድምፁን፣ መልኩን፣ አያያዙን በተመለከተ እናንተ ምኑን ትወዳላችሁ

ጣፎ ዳር፦

ሰላም ቤቶች። ትንሽ ይረዝማል ግን በናታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ብቻዬን አስቤ አስቤ መወሰን አቅቶኛል።

ምኖረው ለገጣፎ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ያለፈው ክረምት ሰኔ ላይ ጀምሬ የመጀመሪያዬን ጊታር ሰራሁ፣ ክር የገባበት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እንጨቱ የአያቴ አልጋ ነው። ዋንዛ። እሷ ካረፈች በኋላ አልጋው ተፈታትቶ ጓሮ ቆርቆሮ ስር 6 አመት ቆሞ ነበር፣ እናቴ ለማገዶ ይፈለጥ ስትል አይ ለኔ ስጪኝ አልኳት። ጀርባውም ጎኑም ፊቱም ከሱ ነው የወጣው፣ አንገቱ ደሞ ከአልጋው እግር። ጣት ሚያርፍበት ሰሌዳ ብቻ ወይራ ነው፣ አጎቴ ከገጠር ያመጣልኝ። ፍሬቶቹን (ሰሌዳው ላይ በአግድም ሚመቱትን ቀጫጭን ብረቶች) እና መቃኛዎቹን አንገቱ ከተሰበረ ጊታር ላይ ነቀልኳቸው፣ ምናለሽ ተራ ያገኘሁት። ጎኑን ለማጠፍ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ከሰል ላይ አግዬ እንጨቱን እያራስኩ ቀስ ቀስ እያልኩ፣ ሁለቴ ተሰብሮብኝ በሶስተኛው ተሳካ። ከመላጊያና ከብርጭቆ ወረቀት ውጪ ማሽን ሚባል አልነካውም።

አሁን ጉዳዩ ምን መሰላችሁ፣ ድምፁ ደረቅ ነው። ክሩን ስትመታው ቶሎ ብድግ ይላል ቶሎ ይጠፋል፣ እንደ ሱቅ ጊታር እየተጎተተ አይቆይም። ታላቅ ወንድሜ መዘምራን ጋር ጊታር ሚጫወት ልጅ ነው፣ አንስቶ ሁለት ደቂቃ ነካካውና "ይሄ ክራር እንጂ ጊታር አይደለም፣ ፊቱን አሳሳው ድምፁ እንዲቆይ፣ ቫርኒሽ ቀባውና ሰው ፊት ሚቀርብ ይሁን" አለኝ። እኔ ደሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትዝታ ስጫወትበት ያ ድርቀቱ ነው ሚወስደኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ ክራር ነበረው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እሁድ እሁድ ደስ ሲለው ያወርደዋል። ቆዳው ከተቀደደ ወዲህ አልነካውም። የዛን ድምፅ ቁራጭ ምሰማ ይመስለኛል።

መልኩን ካነሳን ጀርባው ላይ የኩራዝ ጠባሳ አለ። አያቴ ማታ ማታ ዳዊት ስትደግም ኩራዙን ራስጌው ላይ ታስቀምጥ ነበር እና አንዴ እንጨቱን አቃጥሎታል፣ የአንድ ብር ሳንቲም ያክላል። አውቄ ነው መሃል ላይ እንዲመጣ አድርጌ የቆረጥኩት። ወንድሜ እሱንም በስቱኮ ድፈነው ይላል።

አንገቱ ወፍራም ነው፣ ሙሉ እጅ ይይዛል፣ ለኔ ተመችቶኛል ለሌላው እንጃ።

ልኬት ለምትፈልጉ፣ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ሚያርፍበት) እስከ ብሪጅ (ፊቱ ላይ ክሩ ሚታሰርበት) 650 ሚሊ፣ ፊቱ 4.5 ሚሊ ውፍረት፣ ክሩ ናይለን፣ ፊቱ ከውስጥ በኩል ሶስት አግዳሚ እንጨት ተለጥፎበታል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሚቆይ ድምፅ ነው ምትወዱት ወይስ ደረቁን? ሚያብረቀርቅ ነው ወይስ እንጨቱ እንጨት ሚመስለው? በእጃችሁ የሰራችሁ ካላችሁ የናንተን ንገሩኝ።


ፍሬት ቆጣሪ፦

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ጎን በከሰል አጥፎ ጊታር መጨረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ወንድምህ ያለው ላይ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ፊቱ ሲሳሳ ድምፁ ይጨምራል፣ ወፍራሙ ክር በደንብ ይሰማል፣ ይቆያል ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ክሩ አንዴ ስትመታው ያገኘው ጉልበት የተወሰነ ነው፣ ወይ ቶሎ ለሳጥኑ ሰጥቶ ጮክ ብሎ ያልቃል ወይ በትንሽ በትንሹ እየሰጠ ዝግ ብሎ ይቆያል። ክራር ራሱ ማስረጃ ነው፣ ቆዳው ስስና ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይጮሃል ወዲያው ያበቃል። ሳጥን የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር ደሞ ያለ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ስትመታው ብዙም አይሰማም ግን ክሩ ሲንቀጠቀጥ ይቆያል።

ታዲያ ያንተ ወፍራም ሆኖ ለምን ደረቀ? ሶስቱ አግዳሚዎች ናቸው ባይ ነኝ። አግዳሚ ብቻ ያለው ፊት ድምፁ እንደዛ ነው፣ ቶሎ ይነሳል ቶሎ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ድሮ በርካሽ ይሸጡ የነበሩ ጊታሮች ብዙዎቹ ከውስጥ እንደዛ ነበሩ እና ብሉዝ ተጫዋቾች እስከዛሬ ያንን ድምፅ ፈልገው ይገዟቸዋል። ማራገቢያ መስሎ ሚዘረጋውን የውስጥ እንጨት አደራደር አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ሚባለው ስፔናዊ ነው ያስተካከለው፣ የዛሬ ክላሲክ ጊታር በአብዛኛው የሱ ልጅ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. ደሞ ጎኑና ጀርባው ከወረቀት ካርቶን የሆነ ጊታር ሰርቶ ነበር፣ ድምፁን ሚወስነው ፊቱ ነው ብሎ ለማሳየት። ስለዚ ዋንዛው ጀርባና ጎን ላይ ምንም አይልም፣ ፊት ላይ ግን ቀለል ያለ እንጨት ብትጠቀም ለውጡን ወዲያው ትሰማዋለህ።

የኔ ምርጫ? እኔ ሚቆይ ድምፅ ነው ምወደው። አንድ ኖታ መትቼ ዝም ብዬ መስማት እፈልጋለሁ፣ ሲሞት የት እንደሚሞት ለማወቅ። ያንተን ጊታር ግን አልነካውም ነበር። አግዳሚውን ሳትቀይር ፊቱን ብቻ ብታሳሳው ክሩ ስቦ ብሪጁ አካባቢ ያጎብጠዋል። ሚቆየውን ከፈለግክ ሁለተኛ ጊታር ስራ።

አንድ ነገር ለካልኝ። 12ኛው ፍሬት ልክ 325 ላይ ነው? የመጀመሪያውስ 36.5 ገደማ ነው? (ሙሉውን ርዝመት ለ17.817 አካፍል፣ የወጣውን ቀንስ፣ የቀረውን እንደገና ለ17.817፣ እንዲ እያልክ እስከ መጨረሻው።) ብሪጁ ደሞ ከ650 አንድ ወይ ሁለት ሚሊ ወደ ኋላ መሆን አለበት፣ ክሩን ስትጫነው ስለሚወጠር ድምፁ ከቅኝቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እሱን ለማካካስ ነው።


ዳዊት ደጋሚ፦

ጠባሳውን እንዳትነካው። በስመአብ፣ ስቱኮ!


የቡራዩ አናጢ፦

ልጄ እንደምን አለህ። እኔ ጊታር አልሰራሁም፣ እንጨት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምሰራው፣ ክራርም ለሰው ሰርቻለሁ፣ ስለዚህ ስለ እንጨቱ ልንገርህ።

አልጋው 6 ዓመት መቆየቱ ጥሩ ነው፣ ያረጀ ዋንዛ ተጫውቶ የጨረሰ እንጨት ነው፣ ከእንግዲህ ብዙም አይጣመምም። ችግሩ የሰራህበት ወቅት ነው። በሐምሌና በነሐሴ እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል ያብጣል። አንተ ያበጠውን ፊት በአግዳሚ ላይ በኮላ ለጠፍከው። አሁን ኅዳር ነው፣ ጥርና የካቲት ገና ይመጣል፣ ያ ደረቅ ንፋስ ሲነፍስ ፊቱ በጎኑ መጥበብ ይፈልጋል፣ አግዳሚው ግን በርዝመቱ አይጠብም። እንጨት በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ ብዙም አያጥርም። ያን ጊዜ አንዱ አልሸነፍም ይልና ፊቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እስከ ግንቦት አትላገው፣ አታሳሳው፣ ቫርኒሽም አትቀባው። ከተሰነጠቀም አትደንግጥ፣ ከውስጥ በኩል ስስ ማጣበቂያ እንጨት ይደረግለታል፣ ይድናል። ሌሊት ጨርቅ አርሰህ ጨምቀህ በላስቲክ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርገህ ሳጥኑ አጠገብ አስቀምጥለት፣ ይረዳዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር እኩለ ቀን ላይ አትስቀለው፣ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተወው፣ ነጩ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ብሪጁ ተነስቶ ታገኘዋለህ።

የአልጋውን እግር አንገት ማድረግህን ወድጄዋለሁ። ወይራውም ልክ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ክር ቶሎ አይበላውም። ግን ስንት ጊዜ ደርቋል? እርጥብ ወይራ ከሆነ ጫፍ ጫፉን ይከፍታል፣ ተመልከተው።

ስለ መልኩ ከጠየቅከኝ ቫርኒሽ ወፍራም ሆኖ ሲቀባ እንጨቱን ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ያደርገዋል፣ ታየዋለህ እንጂ አትነካውም። እኔ የተልባ ዘይት ነው የምወደው። በጨርቅ በጣም ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጠርገህ ታነሳለህ፣ ሁለት ሦስት ቀን ትተወዋለህ፣ እንደገና። አራት አምስት ጊዜ ስትደግመው ዋንዛው ወርቅማ ይሆናል፣ የእንጨቱ መስመር ይወጣል፣ እጅህም እንጨት መንካቱን ያውቀዋል። አደራ የምልህ፣ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ አትጣለው፣ በራሱ ሙቀት እሳት ይነሳል፣ ያየሁት ነገር ነው። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

ባሕር ዛፍ የሚልህ ሰው ካለ አትስማ፣ ዞሮ ዞሮ ይጠመዘዛል። ጥድ ሲላግ ሽታው ደስ ይላል፣ ጉጥና ስንጥቅ ግን ይበዛዋል። ለሁለተኛው ጊታርህ ፊት ዝግባ ፈልግ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቀለል ያለ ነው። አዲስ የተቆረጠ አትግዛ፣ ዋንዛም ዝግባም ጥድም ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ የተከለከለ ነው፣ ደግሞም እርጥብ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ይሻልሃል።


ማታ ማታ፦

እኔ ጀሞ ነኝ፣ ማታ ማታ ከባንድ ጋር በመጫወት ነው ምኖረው ስለዚ ምናገረው ከእጅ አንፃር ነው።

ለኔ አንደኛ አያያዝ፣ ሁለተኛ ድምፅ፣ መልክ ምንም። ጊታር ሶስት ሰአት ስትይዘው ነው ምታውቀው። አንገቱ ወፍራም መሆኑ ችግር የለውም፣ ቀጭን አንገት ላይ አውራ ጣቴ ቶሎ ነው ሚደክመው፣ ሙሉ እጅ ሚሞላ ነገር ይሻለኛል። ቫርኒሽ የተቀባ አንገት ግን አልወድም፣ እጅ ሲያልበው ይይዝሃል፣ ወደ ላይ ስትሄድ ይጎትትሃል። ጋሼ ያሉት የተልባ ዘይት ለአንገት ትክክል ነው። እኔ አንዱን ጊታሬን የአንገቱን ጀርባ ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አድርጌ አንስቼ ነው ሚመቸኝ የሆነው፣ ሱቅ ውስጥ 'ምን አበላሸኸው' ቢሉኝም።

የክሩን ከፍታ ንገረን። 12ኛ ፍሬት ላይ ከፍሬቱ ራስ እስከ ክሩ ለናይለን ቀጭኑ 3 ሚሊ፣ ወፍራሙ 4 ሚሊ አካባቢ ከሆነ እጅህ ይወደዋል። ከዛ በላይ ከሆነ ድምፁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ጣትህ ግን ያለቅሳል። ደሞ ጋሼ እንዳሉት በጋ ሲመጣ ሰሌዳው ይጠባል፣ ብረቱ አይጠብም፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ እጅህን ይቧጭርሃል፣ ያኔ በሞረድ ጫፍ ጫፉን አስተኛው።

ድምፁ ላይ፣ ክራር ይመስላል ያሉህ ስድብ አድርገህ አትውሰደው። እኔ ትዝታ ወይ ባቲ ፈጠን ያለ ነገር ስጫወት ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? የቀኝ እጄን ጎን ብሪጁ ላይ አሳርፌ ክሩን አፍኜ ነው ምመታው፣ ድምፁ እንዲያጥር። አለበለዚያ ኖታው ኖታው ላይ ይተኛና ጭቃ ይሆናል። አንተ በእንጨት ያገኘኸውን ነገር እኔ በመዳፌ ነው በየማታው ምፈልገው።

ከአሮጌ እንጨት መስራትህ ደሞ ትልቅ ነገር ነው። ኩዊን ሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በ1963 እ.ኤ.አ. ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር የጀመረው ጊታር አንገቱ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ መደርደሪያ እንጨት ነው፣ የፍሬት ምልክቶቹ የልብስ ቁልፍ ናቸው፣ ስፕሪንጎቹ የሞተርሳይክል። ዝነኛ ከሆነ በኋላም፣ የፈለገውን መግዛት እየቻለ፣ ዋናው ጊታሩ እሱ ነው የቀጠለው።


የኮዬዋ፦

ማታ ማታ ወንድሜ ሁሉንም ወድጄልሃለሁ መልክ ምንም ያልከው ላይ ግን በፍፁም አልስማማም።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን፣ ሁለት ጊታር ሰርተናል፣ ሁለቱም የዘይት ቆርቆሮ ናቸው። የመጀመሪያው አንገት ባሕር ዛፍ ነበር እና ጋሼ እንዳሉት ነው የሆነው፣ አንድ ክረምት ሳይሞላው እንደ ቀስት ተጠማዘዘ። ክሩን የሳይክል ፍሬን ገመድ ተርትረን አንድ አንዱን ሽቦ አውጥተን ነበር የወጠርነው፣ ድምፁ ሹል ነው ግን ጣት ይቆርጣል፣ ይዝጋል። ሁለተኛው ላይ የአሳ ማጥመጃ ናይለን አደረግን፣ ያ ለቆርቆሮ ጥሩ ሆነለት፣ የቆርቆሮውን ጩኸት ለስለስ አደረገው።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ዝም ብለን ቆርቆሮውን ከነፅሁፉ ተውነው፣ ወንድሜ ይጫወትና ጥግ ያስቀምጠዋል፣ ሰው ሲመጣ ይደብቀዋል። ሁለተኛውን ግን ቆርቆሮው ላይ ፊቱን ከስስ ኮምፔልሳቶ አደረግንለት፣ ቀዳዳው ዙሪያ የእናቴን ቀሚስ ጥለት ወረቀት ላይ ገልብጬ በጋለ ሚስማር እየነቆርኩ አቃጠልኩለት፣ ሶስት ማታ ፈጀብኝ፣ ሲጠናቀቅ ቀዳዳው ጥበብ የለበሰ ይመስላል። ከዛ በኋላ ያ ልጅ ጊታሩን ከእጁ አልለየውም። ድምፁ ያን ያህል አልተለየም፣ ልምምዱ ግን ተለየ፣ አሁን በእውነት ይጫወታል። መልክ እጅን ይጠራል፣ ያልተነሳ ጊታር ደሞ ምንም ድምፅ የለውም።

የኩራዙ ጠባሳ ላይ እኔ ብሆን ዙሪያውን እንኳን አላስጌጠውም። ያለው በቂ ነው።

ድምፅ ላይ ደሞ ማንም ያላነሳው ነገር፣ እኛ ግድግዳችን ስስ ነው፣ ጎረቤት ህፃን አላት፣ ማታ 3 ሰአት ላይ ሚጮህ ጊታር አንፈልግም። ዝግ ያለ ጊታር ለኔ ጉድለት ሳይሆን ምርጫ ነው። ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኝ ለኔ ብቻ ከተሰማ በቃኝ።


እንዚራ፦

ሰላም፣ ከሰበታ። በገና እየተማርኩ ያለሁ ሰው ነኝ፣ ስሜን ከሱ ነው የወሰድኩት።

በገና ላይ 10 ክር አለ፣ ክሩ በርኩማው (የበገናው ብሪጅ) ላይ ሲያርፍ በመሃሉ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፣ እንዚራ ማለት እሷ ናት። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ቆዳዋን እየነካ ስለሚመለስ ያ ዝዝዝ ሚለው ድምፅ ይመጣል። ቆዳዋን የፀጉር ያክል ወደፊት ወደኋላ ስታደርጋት ድምፁ ይከፈታል ይዘጋል፣ አስተማሪዬ አንዳንዴ ከትምህርቱ ግማሹን ጊዜ እንዚራ በማስተካከል ነው ሚያሳልፈው፣ ምክንያቱም ያ ካልመጣ በገና አልተቃኘም ይላል። ጊታር ሰሪ ግን ያንን ድምፅ ሲሰማ ተበላሽቷል ብሎ ነው ሚያስተካክለው። የህንዶቹ ሲታር ላይም ብሪጁ ጠፍጣፋ ሆኖ ክሩ እንዲነካው ተብሎ ነው ሚሰራው፣ ያ ዝዝታ ታስቦበት ነው።

እኔ አንድ ያረጀ የናይለን ጊታር ነበረኝ፣ ሶስቱ ወፍራም ክሮች ስር ብሪጁ ላይ ከአሮጌ ቀበቶ የላጥኩት ስስ ቆዳ አስገባሁ። ሁለት ሰአት ሙሉ ምንም አልሆነም፣ ታፈነ እንጂ። ከዛ ቆዳውን ወደ ቀዳዳው በኩል ትንሽ ሳስወጣው በአንዴ ዘፈነ። ደረቅ ድምፅ ያለው ጊታር ላይ ደሞ ይሄ ይበልጥ ሚያምር ይመስለኛል፣ ዋናው ድምፅ ቶሎ ሲወርድ ዝዝታው ትንሽ ቆይቶ ይከተለዋልና።

ሌላው ነገር ፍሬት። የጊታር ፍሬት ላይ ከአንዱ ድምፅ ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት 12ቱም ላይ እኩል ነው። ክራር ሚቃኝ ሰው ግን በጆሮው ነው ሚቃኘው፣ በተለይ አንቺሆዬ ላይ የድሮ ሰዎች ሚቃኙት ከፒያኖው ቦታ ትንሽ ይሸሻል፣ እኔ ጊታር ላይ አንቺሆዬ ስጫወት ሁሌ የሆነ ቦታ ይቆረቁረኛል። አውሮፓ ውስጥ ድሮ ሉት ሚባለው መሳሪያ ፍሬቱ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ሚታሰር የአንጀት ክር ነበር፣ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ሁለተኛ ከሰራህ ብረት ሳትመታበት በናይለን እየቋጠርክ ሞክረው፣ ጆሮህ ባለበት ታቆመዋለህ። ሱቅ ሄደህ ማታገኘው ጊታር ማለት እሱ ነው።


ፍሬት ቆጣሪ፦

እንዚራ ያልከው ደስ ይላል፣ ሉቱም ልክ ነው። ጣፎ ዳር ግን ቆዳ ከማስገባትህ በፊት ፍሬቶችህ እኩል መሆናቸውን እይ፣ አለበለዚያ የትኛው ዝዝታ የቆዳው የትኛው የስህተት እንደሆነ አትለየውም። አጭር ቀጥ ያለ ብረት ሶስት ፍሬት ላይ ብቻ አስቀምጥ፣ ከተወዛወዘ መሃለኛው ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ በሞረድ በጣም በስሱ። እንዲ እያልክ እስከ ላይ።

ማታ ማታ፣ ጭቃ ይሆናል ላልከው፣ በመዳፍህ ማጥፋት ትችላለህ፣ የሌለውን ማምጣት ግን አትችልም። ለዛ ነው እኔ ሚቆየውን ምመርጠው።


ማታ ማታ፦

እሱ ትክክል ነህ። ግን ሁሌ ማፈን ደሞ እጅ ያስራል፣ ያንን አንተ ከሶስተኛው ሰአት በኋላ አልሞከርከውም።


ጣፎ ዳር፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ሶስት ቀን ዝም ያልኩት እያንዳንዱን እየሞከርኩ ስለነበረ ነው።

ፍሬት ቆጣሪ፣ 12ኛው 325 ላይ ነው፣ የመጀመሪያው 36 ከግማሽ። ብሪጁን ግን ልክ 650 ላይ ነው የለጠፍኩት፣ ማካካሻ ሚባል ነገር አላውቅም ነበር፣ ለዛ ነው ሶስተኛው ክር 12ኛ ላይ ሲያዝ ከፍ ሚለው። ብሪጁ ላይ ያለውን አጥንት በሞረድ ወደ ኋላ እንዲያዘነብል አድርጌ ትንሽ አሻሽዬዋለሁ (አጥንቱ ስጋ ቤት የለመንኩት የበሬ ታፋ አጥንት ነው፣ ቀቅዬ አፅድቼ አድርቄ)። 7ኛው ፍሬት ከፍ ብሎ ነበር፣ ብረቱ ተወዛወዘ፣ አስተኛሁት።

ማታ ማታ ከፍታው 5 ሚሊ ነው ወፍራሙ ላይ፣ አሁን ገባኝ ጣቴ ለምን እንደሚያመኝ። እሱን አወርደዋለሁ።

እንዚራ፣ ቆዳውን አስገባሁ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ክር ላይ። አምስተኛው እሺ አለኝ ስድስተኛው እስካሁን እምቢ። ግን አምስተኛው ሲዘፍን ፀጉሬ ነው የቆመው፣ ሌላ ምን ልበል።

የኮዬዋ እህቴ፣ ጠባሳው እንዳለ ይቆያል። ጥለቱን ግን ለሁለተኛው እሰርቅሻለሁ።

አንድ ነገር ደሞ ልንገራችሁ። ትላንት ከስራ ስመለስ አባቴ ጊታሩን ይዞ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሏል። ስድስተኛውን ክር ጭራሽ አላልቶ ከመንገድ አውጥቶታል፣ አምስቱን ባቲ ቃኝቷቸዋል፣ ፍሬቱን ሳይነካ ክሩን ብቻ እየመታ። እኔ ስመጣ አላቆመም። ስንት አመቱ ነው መሳሪያ ከነካ። ቀና ብሎ "ፊቱን አትንካው" ብቻ አለኝ፣ ወንድሜ ያለውን ሰምቶ ነበር መሰለኝ። ስለዚ አልነካውም፣ ይሄኛው እንዳለ ይቀራል፣ ጋሼ እንዳሉት ደሞ ግንቦት ላይ የተልባ ዘይት ይቀባል።

ሚቆይ ድምፅ ያለውን ደሞ ለወንድሜ ልሰራለት ነው፣ ማራገቢያ አደራደር፣ ፊቱ 2 ሚሊ ተኩል። ጋሼ፣ ሰፈራችን ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ገዝቻለሁ፣ ሻጩ ዝግባ ነው ብሎኛል፣ እኔ ግን መለየት አልችልም። ከተመችዎት ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ ይዤ ብመጣ ያዩልኛል? አንድ በር ሙሉ ነው፣ መላግ ካለበትም እዛው እርስዎ ጋር ብንልገው ብዬ ነው።


የቡራዩ አናጢ፦

ና ልጄ፣ ቅዳሜ ከ2 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። ዝግባ ከሆነ ስንቆርጠው ወዲያው አውቀዋለሁ፣ ካልሆነም መደርደሪያ ይሆንሃል። ቀለሙን አትፋቀው፣ እዚህ እንፍቀዋለን። ማጠፊያውንና ሚስማሩን ግን አንድም ሳይቀር ነቅለህ ና፣ የመላጊያዬን ስለት እንዳይበላብኝ። የተሰበረ ሚስማር ውስጡ የቀረ ካለ በጠመኔ ምልክት አድርግበት።